ለአይጥ ጥያቄሽ፦ ከመርዙ በፊት ቀዳዳዋን ፈልጊ

ሰላም እህቴ። «ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ አይጥ ሌሊት ወጥ ቤት እየተንኮሻኮሸች እንቅልፍ ነሳችን፤ ዳዴ የሚል ልጅ ስላለኝ መርዝ ፈራሁ፤ ምን ላድርግ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። እኔም ከአይጥ ጋር ስታገል ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ በጭቃ ቤት፣ አሁን እንዳንቺው በኮንዶሚኒየም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መርዙን መፍራትሽ ልክ ነው። በየመንገዱ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ምን እንደሆነ እንኳ አልተጻፈበትም። አንዱ ዓይነት ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ሆድ ውስጥ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይሆናል፤ ማርከሻም የለውም። ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። እሱን የበላች አይጥ የምትሞተው ከቀናት በኋላ ነው፤ ያውም አንቺ በማትደርሺበት ቦታ። እኛ ጭቃ ቤት እያለን አንዷ ኮርኒስ ውስጥ ሞታብን ሁለት ሳምንት እጣን ስናጨስ ከረምን። እንግዳ በር ሲያንኳኳ ቡና ለመቁላት እሮጥ ነበር። በዚያው ሰሞን የጎረቤት ድመት ሞተች። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን እስካሁን የኛ መርዝ ይመስለኛል።

የኔ ትልቁ ስህተት መግደሉ ላይ ብቻ ማተኮሬ ነበር። የቤት አይጥ ሦስት ሳምንት ገደማ አርግዛ አምስት ስድስት ትወልዳለች። ልጆቿ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ሒሳቡን አንቺው ሥሪው። እና እርሳስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካገኘች ይበቃታል፣ ትገባለች።

ቀዳዳውን ያገኘሁት በዱቄት ነው። ማታ ወለሉን ጠርጌ ግድግዳ ግድግዳውን ዱቄት በስሱ ነሰነስኩ። አይጥ መሃል ሜዳ መሄድ አትወድም፤ ግድግዳ ታካ ነው የምትሄደው። ጠዋት ስነሳ የትንንሽ ጣቶች ዱካ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የጅራቷ ቀጭን መስመር ይታያል። ከፍሪጁ ጀርባ ተነስቶ ቀጥ ብሎ እቃ ማጠቢያው ስር ገባ። ተንበርክኬ በስልኬ መብራት ሳይ የውሃ ቱቦው ግድግዳውን በስቶ የሚገባበት ቦታ ዙሪያው ክፍት ነው። ቱቦውን የዘረጉት ሰዎች ሳይደፍኑት ሄደዋል። ጠርዙ ላይ ጥቁር ቅባት ነገር ነበረው፤ አይጦቹ ሲገቡ ሲወጡ ከጸጉራቸው የቀረ ነው።

አደፋፈኑ እንዲህ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቀሽ ትሞይዋለሽ፣ ከላዩ ሲሚንቶ ትለስኚበታለሽ። ተረጭቶ የሚያብጠው ፎም ብቻውን ከሆነ ቦርቡራ ትገባለች፤ ብሬን የበላው እሱ ነው። የመጸዳጃ ቤቱንም ቱቦ እንደዚሁ እዪው። ከበሩ ስር ክፍተት ካለ ላሜራ አስመቺበት።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ምጣድሽን ገልብጪው። ግን ሶኬቱን መጀመሪያ ንቀዪ፤ ሽቦ ትቆረጥማለች። እኔ ስገለብጠው የተቀዳደደ ሶፍት፣ የማዳበሪያ ክር፣ የልጄ ካልሲ ቁራጭ ተጎዝጉዞ አገኘሁ። መሃሉ ላይ ዓይናቸው ያልተከፈተ፣ ጸጉር የሌላቸው ቀያይ ስድስት ልጆች። «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይባላል፤ እኔ ቤት ምጣዱ ራሱ ማዋለጃ ሆኖ ነበር።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ውስጥ የቀሩትን በወጥመድ ትይዣለሽ። ያ የእንጨቱ፣ ፈንጥሮ የሚይዘው ይሻላል። ምግብ ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙረሽ አስቀምጪ። የለውዝ ቅቤ ምስር ታህል ብቻ ቀቢበት፤ ብዙ ካደረግሽ ዳር ዳሩን ልሳ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሁለት ሌሊት ሳትወጥሪው ይብሉበትና ይልመዱት፣ በሦስተኛው ወጥሪው። አንድ አይበቃም፣ እኔ አምስት ነው ያደረግኩት። ልጅሽ እጁን እንዳይከት ከፍሪጅ ጀርባ ወይም የጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጊው፤ ካርቶኑን በሁለት በኩል ትንሽ ብሺው። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ሰብስቢው።

ሙጫውን አልመክርሽም። ሌሊቱን ስትጮህ አድራ ጠዋት በሕይወት ታፈጥብሻለች። ሶኬት ላይ ተሰክቶ በድምፅ ያባርራል የሚሉትንም ሞክሬያለሁ፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ እህል ስትቆረጥም አይቻታለሁ። ድመት ካልሽ ደስ ይላል፣ ግን የኛዋ ጠግባ ተኚ ነበረች።

ጤፍና ሽሮውን ከጆንያና ከፌስታል አውጥተሽ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ባልዲ ውስጥ ገልብጪው። የልጁን ብስኩት ፍርፋሪ ማታ ማታ ጥረጊ። ኩሷን ግን ደረቁን እንዳትጠርጊው፤ ብናኙ በሽታ ያመጣል። ጓንት አድርጊ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ አርሺው፣ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ በሶፍት አንሺው።

ሁሉንም ከጨረስሽ በኋላ ዱቄቱን እንደገና ነስንሺ። እኔ ጋ በአምስተኛው ሌሊት እንደተነሰነሰ አደረ። ዛሬ ማታ ከእቃ ማጠቢያው ስር ጀምሪና ጠዋት ያየሽውን ጻፊልን።