ስንወጣ አየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋት ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ጠያቂያችን በሙቀቱ ወራት የመብራት ሂሳባቸው ከሌላው ጊዜ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ ገልጸው፣ ከቤት ሲወጡ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ሲመለሱ ከመክፈት ይልቅ ቀኑን ሙሉ ክፍት መተው ይቆጥባል የሚባለው እውነት እንደሆነ ጠይቀዋል። እውነት አይደለም። ሙቀት ወደ ቤት የሚገባበት ፍጥነት የሚወሰነው በውጭውና በውስጡ አየር መካከል ባለው ልዩነት ስለሆነ፣ ቀዝቅዞ የሚውል ቤት ቀኑን ሙሉ ብዙ ሙቀት ሲያስገባ ይውላል፤ መሣሪያውም ሰው በሌለበት ያንኑ ሲያስወጣ ይውላል። መሣሪያው የጠፋበት ቤት ግን እየሞቀ በሄደ ቁጥር ልዩነቱ ስለሚጠብ የሚገባው ሙቀትም እየቀነሰ ይሄዳል። ሲመለሱ ማቀዝቀዣው ለጥቂት ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራም በድምሩ የሚወስደው ያነሰ ነው። ለሩብ ሰዓት ብቅ ብለው የሚመለሱ ከሆነ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለሰዓታት የሚቆዩ ከሆነ ግን ሳያመነቱ ያጥፉት።

ይህን ካልሁ በኋላ፣ እኔ ራሴ መጀመሪያ የተሳሳትሁበትን ልንገርዎ። ሂሳቡ ያስደነገጠኝ ጊዜ አምፖሎቹን ሁሉ በኤልኢዲ ቀየርሁ፣ ቻርጀር ሶኬት ላይ ተሰክቶ ባየሁ ቁጥር ቤተሰቡን ተቆጣሁ፤ በወሩ መጨረሻ የመጣው ለውጥ ግን ከድካሜ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። አምፖሉን መቀየሬ አይቆጨኝም፤ የቀድሞው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ኤልኢዲው ወደ 9 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ አሮጌው ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥም ማቀዝቀዣውን ተጨማሪ ሥራ ያስይዘዋል። ስልክ ያልተሰካበት ቻርጀር ግን በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በከንቱ ነበር ስቆጣ የከረምሁት።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንድ ምሽት ቆጣሪው ፊት ቆሜ ነው። በዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ በአጠገቧም መብራቷ ስንት ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሞላ የሚያሳይ ቁጥር ተጽፏል። የእኔ 1000 ይላል። እንዲህ ባለው ቆጣሪ ላይ 3600ን በሁለት ብልጭታዎች መካከል ባሉት ሰከንዶች ሲያካፍሉ፣ ቤቱ በዚያች ቅጽበት ስንት ዋት እየወሰደ እንደሆነ ያገኛሉ። ቁጥሩ ሌላ ከሆነ መጀመሪያ 3,600,000ን በዚያ ቁጥር፣ ከዚያም የተገኘውን በሰከንዱ ያካፍሉ። የማውቀውን ሁሉ አጥፍቼ፣ ዋናውንም ፍሪጅ ለጊዜው ነቅዬ ስቆጥር መብራቷ በየ24 ሰከንዱ ብልጭ ትል ነበር፤ 150 ዋት ማለት ነው። ብሬከሮቹን ተራ በተራ ሳወርድ ጥፋተኛው ዕቃ ቤት የተቀመጠው አሮጌ ፍሪጅ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ ከጥቂት የውሃ ጠርሙሶች በቀር ምንም አልነበረም፤ የበሩ ጎማ ግን ደርቆ ስለተሰነጠቀ ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም የሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ ያለ ዕረፍት ይሠራ ነበር። ይህ በቀን 3.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር ከ100 በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለውን በር ለመፈተን ወረቀት ጣል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ይበቃል፤ ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አብቅቶለታል።

ወደ ሙቀቱ ስመለስ፣ ዋናው ሥራ ያለው መስኮት ላይ ነው ባይ ነኝ። ጠራራ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው አንድ ካሬ ሜትር ገጽ እስከ 1000 ዋት የሚደርስ ኃይል ያገኛል፤ ተራ መስታወትም አብዛኛውን ያሳልፋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በምዕራብ በኩል ባለው መስኮትና በመጋረጃው መካከል እጅዎን ቢያስገቡ የማወራው ይገባዎታል፤ እዚያ ታፍኖ ያለው አየር የምድጃ አፍ ይመስላል፣ ያም ቀስ በቀስ ወደ ክፍሉ ይወጣል። የውስጥ መጋረጃ ሙቀቱን የሚያገኘው መስታወቱን ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ ጥላው ከውጭ ሲሆን በብዙ ይሻላል። እኔ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጌ፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ትቼ፣ ነጣ ያለ ሸራ ወጥሬያለሁ። ሌሊት ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ በተቃራኒ አቅጣጫ ያሉትን መስኮቶች እከፍታለሁ፤ ጠዋት የውጭው አየር ከውስጡ ይልቅ መሞቅ ሲጀምር መስኮቱንም መጋረጃውንም እዘጋለሁ። ለዚህ ሁለት ተራ ቴርሞሜትሮች፣ አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ፣ ከግምት ያድናሉ።

ማቀዝቀዣውን 18 ዲግሪ ላይ ማድረግ ቤቱን ቶሎ ያቀዘቅዛል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ እየበራና እየጠፋ በሚሠራው ዓይነት ላይ ግን ቅዝቃዜው የሚመጣው በዚያው ፍጥነት ነው፤ ልዩነቱ መሣሪያው ሳያቋርጥ መሥራቱ ብቻ ነው። እኔ 26 ላይ አድርጌ ቬንትሌተር አብሬ እከፍታለሁ። አየር ማቀዝቀዣ ብዙውን ጊዜ ከ1000 ዋት በላይ ሲወስድ ቬንትሌተር የሚወስደው ከ50 እስከ 70 ዋት ነው። ቬንትሌተሩ የሚያቀዘቅዘው ሰውነትን እንጂ ክፍሉን ስላልሆነ፣ ከክፍሉ ሲወጡ ያጥፉት። የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ቬንትሌተር ሞቃት አየር ከመንፋት የዘለለ ስለማይሆን፣ በተለይ አረጋውያን፣ ሕፃናት ወይም ሕመምተኞች ባሉበት ቤት ማቀዝቀዣውን ለቁጠባ ብሎ መከልከል አይገባም። ማጣሪያውንም በየወሩ አውጥተው ይጠቡ፤ የእኔን ከሁለት ዓመት በኋላ ስከፍተው አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮ በጣት ይገፈፍ ነበር።

ውሃ ማሞቂያውም ይታሰብበት። 50 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ከዋለ ደግሞ ከጋኑ የሚወጣውን ሙቀት ሲተካ ይውላል፤ ያ ሙቀትም ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። ከመታጠብዎ ከአንድ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ማብራት ይበቃል። ልብስ ማጠቢያ ማሽንም አብዛኛውን ኃይል የሚጠቀመው ውሃውን ለማሞቅ ስለሆነ በቀዝቃዛ ማጠብ ነው።

በመጨረሻም ሂሳቡን ራሱን ይመርምሩት። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ንባብ ከቆጣሪዎ ጋር ይስማማል ወይስ በግምት የተሞላ ነው? የተሰላውስ ለስንት ቀናት ነው? እኔ አንድ ወር እጥፍ መጣብኝ ብዬ የተጨነቅሁበት ሂሳብ የ47 ቀን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምርበት ታሪፍ ካለዎት ደግሞ፣ የሚቀንሱት ከውዱ እርከን ላይ ስለሆነ ከጠበቁት በላይ ይቀልልዎታል።

ዛሬ ማታ ሁሉንም አጥፍተው በሁለት ብልጭታዎች መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለና ቆጣሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ቢጽፉልን፣ የቱን ብሬከር አስቀድመው ማውረድ እንዳለብዎ አብረን እናያለን።