የምክር አምድ፦ እናትህን ለምን ዝም አሰኘሃት?

ውድ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎት። በካሴት እየሰማኋቸው ያደግኩትን አንጋፋ የባህል ዘፋኝ በቅርቡ መድረክ ላይ አየኋቸው። ለዓመታት የተመኘሁት ነገር ነበር። አንጀቴ አርሮ ተመለስኩ።

ድምፃቸው የለም። ያ ከፍ ብሎ ወጥቶ ሰውነት የሚወር ድምፅ ጠፍቷል። ዘፈኖቹን ሁሉ ዝቅ አድርገው ነው የዘፈኗቸው። በጣም የምወደውን ዘፈን እንኳ ግማሹ እስኪያልቅ አላወቅኩትም። በየመሃሉ ደግሞ ወሬ ነው። ይሄን ከማን እንደተማሩት፣ ያንን የት እንደሰሙት። እኔ ወሬ ልሰማ ነው እንዴ የሄድኩት? ሲደክማቸው ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራሉ፤ ሕዝቡ ይዘፍናል፣ እሳቸው ያርፋሉ። የተቀመጥነው ከፊት፣ ድምፅ ማጉያው ስር ነበር። ከበሮውና ቤዙ ግጥሙን ዋጠው።

ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም? ያን የመሰለ ስም ለምን ያበላሻሉ? ካሴቱ ይበቃን ነበር።

እናቴንም ይዣት ሄጄ ነበር። እሷ እንኳን ደስ ብሏታል። እንዲያውም ጮክ ብላ አብራ መዝፈን ስትጀምር፣ ሰው እንዳትረብሽ ብዬ ክንዷን ያዝ አድርጌ ዝም አሰኘኋት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም፤ ምን እንደነካት እንጃ።

አሁን ሰውየው ሌላ ዝግጅት አላቸው። እናቴ «እንሂድ» እያለችኝ ነው። እኔ ቀርቼ ሰው ባስይዝላት ቅር ይላታል?

አድናቂ ነበርኩ

—

ወንድሜ፣

አባትህ ካረፈ ወዲህ ያልዘፈነች ሴት ሕዝብ መሃል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዘፈነች። አንተ ዝም አሰኘሃት። በዚህ ተቆጥቻለሁ። ማንን ረበሸች? ሰውየው ማይኩን ያዞሩት እኮ ለእሷና ለመሰሎቿ ነው።

አብሮ ማዘፈንን ዕረፍት ብለኸዋል። ቢያርፉስ? የሕዝብ ዘፈን ድሮም ተቀባይ አለው። አሜሪካዊው የሕዝብ ዘፈን ዘፋኝ ፒት ሲገር ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በዚህ ነው። ስንኙን ቀድሞ ይናገራል፣ ታዳሚው ተቀብሎ ይዘፍነዋል። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በ94 ዓመቱ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን አዘፍኗል። ድምፁ ያኔ እጅግ ደክሞ ነበር። በወራት ውስጥ ዐረፈ። ያንን ሰው «ካሴትህ ይበቃናል» የሚለው ማን ነው?

ወሬ ያልከውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ዘፈኑን ከማን እንደተማሩት ሲናገሩ ካሴቱ ላይ የሌለውን ነው የሰጡህ። ያንን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ካልነገሩን አብሯቸው ይሄዳል።

ስለ ድምፃቸው አልከራከርህም፤ ተለውጧል። ዕድሜ ሲገፋ የድምፅ አውታሮች ጡንቻ ይሳሳል፣ እንደ ልብ መለጠጡም ይቀራል። ትንፋሽም ያጥራል። ስለዚህ ከፍታውና ረጅሙ ዜማ ቀድመው ይሄዳሉ። ይህን የሚያውቅ ዘፋኝ የዜማውን ከፍታ ዝቅ ያደርጋል፣ ስንኙን ያሳጥራል። ይህ ሙያ ነው። የማይደርሱበትን ከፍታ በግድ ቢጮሁት ወይም በተቀዳ ድምፅ ከንፈራቸውን ቢያንቀሳቅሱ ነበር የምትታለለው።

ካናዳዊቷን ዘፋኝ ጆኒ ሚቸልን ስማት። በ2015 አንጎሏ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶባት፣ መራመድን እንኳ እንደ አዲስ ተማረች። በ2022፣ በ78 ዓመቷ፣ አሜሪካ ውስጥ በኒውፖርት የፎክ (የሕዝብ ዘፈን) ፌስቲቫል ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ወጣት ሙዚቀኞች ከበዋት ዘፈነች። በወጣትነቷ ከላይ ይንሳፈፍ የነበረው ድምፅ ወፍራምና ዝቅ ያለ ሆኗል። በሃያዎቹ ዕድሜዋ የጻፈቻቸውን ግጥሞች ግን በዚያ ድምፅ ስትላቸው፣ የኖረባቸው ሰው ቃል ሆነው ነው የሚሰሙት። የዚያ ዝግጅት ቅጂ በ2024 የምርጥ ፎክ አልበም ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት አግኝቷል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል የአሮጊቷን እመርጣለሁ። በዚህ ማንም አያስለውጠኝም።

በአንድ ነገር እውነት አለህ። ግጥም የሚውጥ ቤዝ ይቅርታ የለውም። ለእንዲህ ዓይነት ዘፋኝ ቃሉ ካልተሰማ ምን ቀረ? ለአዘጋጆቹ ንገራቸው።

ሰው ልታስይዝላት አሰብክ። ቅር ይላታል፣ አዎ። ደግሞም «እንሂድ» ነው ያለችህ። አንተው ሂድ። ከዚያ በፊት ግን «ያን ቀን ዝም ማሰኘቴ ልክ አልነበረም» በላት። በሳቅ ታልፈው ይሆናል፤ አንተ ግን በለው። ካሴቱን ለጥቂት ቀን አስቀምጥና ከሰውየው የቅርብ ጊዜ የመድረክ ቅጂዎች አንድ ሁለት ስማ፤ ጆሮህ አዲሱን ድምፅ ይልመድ። ትኬት ስትቆርጥ ከማጉያው ራቅ በልና የድምፅ ባለሙያው ጠረጴዛ አጠገብ ቦታ ፈልግ። ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ሆኖ እየሰማ ስለሆነ፣ ቃሉ ጥርት ብሎ የሚደርሰው እዚያ ነው።