ባንክ ለቅቃችሁ ካሜራ ልትይዙ ለምታስቡ

ልጆቼ፣

ሃያ ሁለት ዓመት ባንክ ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ያሳለፍኩት ብድር ክፍል ነው። ዛሬ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሥዕል እሰበስባለሁ። "እኛም እንልቀቅ ወይ?" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ።

ቶሎ አትልቀቁ። እኔ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ደሞዝ ሲገባ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ከፍዬ፣ ከተረፈው ለሥዕል አስቀምጥ ነበር። የመጀመሪያዋን የገዛሁት ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂ ነው። ትንሽ ናት፤ ጭነት የተሸከመ የመርካቶ ሰው። ልጁ ዋጋውን ሲነግረኝ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። አልተከራከርኩትም። ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ከጀርባዋ እንዲጽፍልኝ ብቻ ለመንኩት። ይህን ያስተማረኝ ብድር ክፍል ነው። ማን ሠራው፣ መቼ፣ ከማን ተገዛ? ይህ ካልተጻፈ ሥዕሉ ልጆቻችሁ እጅ ሲገባ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሥራዬን ያስለቀቀኝ ግን ሥዕል አይደለም። ፒያሳ አንድ የድሮ ፎቶ ቤት ሲዘጋ፣ ባለቤቱ አዛውንት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሰጡኝ። ስከፍተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተኝ። አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ የድሮ ፊልም ሲበላሽ እንዲህ ይሸታል፤ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። አንዱን ኔጋቲቭ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበትን ፊልም፣ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ሙሽራ ናት። ነጩ ቬሎ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ፀጉር ነጥቶ ይታያል። ጠርዙ መሸብሸብ ጀምሯል። የአርመን ፎቶ አንሺዎቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ለቤተ መንግሥት ያነሳቸውን ፎቶዎች ዓለም ያውቃቸዋል። የሰፈር ፎቶ ቤቶችን ሥራ ማን ይሰብስብ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። በዓመቱ ለቀቅኩ።

መጀመሪያ ላይ ከብዶናል። ሁለት ዓመት የኖርነው በሰርግ ፎቶ ነው፤ እሑድ ቤት ውዬ አላውቅም። ባለቤቴ ባትችለኝ ኖሮ አልዘልቀውም ነበር። ስለዚህ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት የዓመት ወጪ አስቀምጡ፤ ቤተሰባችሁንም ቁጭ ብላችሁ አማክሩ። ለጓደኛ ቀርቶ ለእናታችሁም ቢሆን ያነሳችሁትን ፎቶ ቀኑንና ስሙን ሳትጽፉ አትስጡ። ሥዕል ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ አዲስ አበባ በሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው ሙዚየም ደጋግማችሁ ሂዱ። ዓይን የሚለምደው በማየት ነው።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ያ ፎቶ ቤት የነበረበት ሕንፃም አብሮ ሄደ። ቆርቆሮው ቤቴ አለ። ኔጋቲቮቹን አንድ በአንድ ስካን አድርጌ እየጨረስኩ ነው። የሙሽራዋን ስም የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።