መልስ፦ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ይዞ ብሔራዊ ቴአትር ሲገባ የት መቀመጥ ይሻላል?

ሰገነቱን ይተዉትና ከታች፣ በመተላለፊያው ዳር ያለ መቀመጫ ይያዙ። እናትዎ እግራቸውን ዘርጋ አድርገው ማረፍ ይችላሉ፤ መውጣት ቢፈልጉም በሰው ጉልበት መካከል እየተጋፉ አያልፉም። የፊተኞቹ ረድፎች ግን አንገት አቅንቶ ማየት ስለሚያስገድዱ ያደክማሉ፤ መካከለኛዎቹን ይምረጡ።

ትኬት ሲገዙ መቀመጫው በቁጥር የሚያዝ መሆኑን ይጠይቁ። በቁጥር ካልሆነ ቀድሞ የደረሰ የፈለገውን ስለሚይዝ፣ በሩ ሳይከፈት ይድረሱ። ሕንጻው በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ (የዘውድ በዓላቸው 25ኛ ዓመት) የተመረቀ ነውና፣ ከፊት ለፊቱ ባለው የአንበሳ ሐውልት አጠገብ ቆም ብላችሁ ስትጠብቁ እናትዎ ስለዚያ ዘመን የሚያጫውቱዎት አያጡም። እንደገባችሁም መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነና ደረጃ እንዳለው አስቀድመው ይዩ።

ከደረሰብኝ ተነሥቼ አንድ ነገር ላሳስብዎ። አንድ ጊዜ አክስቴን ይዤ ወደ አንድ ቴአትር ቤት መብራቱ ከጠፋ በኋላ ስገባ፣ ደረጃው አልታይ ብሏቸው ተደናቅፈው ወደቁ፤ ጉልበታቸውም ለሳምንታት አሟቸው ነበር። ስለዚህ መብራት ሳይጠፋ ይቀመጡ፤ ትርኢቱ ሲያበቃም ሕዝቡ ወጥቶ መተላለፊያው እስኪለቀቅ ድረስ ከመቀመጫችሁ አትነሡ።