ወተቱ ፈሰሰ ወይስ ተደፋ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ወተቱ ፈሰሰ» ስትል እኔ «ተደፋ» እላለሁ። ልዩነት አላቸው? ደግሞስ «ጣሪያው ያፈሳል» ለምን ይባላል? የሚፈሰው ውሃው አይደል?

መልስ፦ ወተቱ እንዴት ወጣ? ምድጃ ላይ ገንፍሎ ከሆነ ፈሰሰ እንጂ ተደፋ አይባልም፤ ድስቱ እንደተቀመጠ ነውና። ድስቱ ተገልብጦ ከሆነ ግን ተደፋ ነው። «ደፋ» አፍን ወደ ታች ማድረግ ነው። ፈሳሽ ባይኖርም ይሠራል፤ «ሲኒዎቹን አጥበሽ ድፊያቸው» እንላለን። አንገት ይደፋል፣ ዘውድም ይደፋል። ስለዚህ ድስቱም ወተቱም ይደፋሉ። «ድስቱ ፈሰሰ» ግን አያስኬድም።

የተደፋ ወተት መሬት ላይ መፍሰሱ አይቀርም። ስለዚህ ባለቤትዎ ለዚያም «ፈሰሰ» ቢሉ አልተሳሳቱም። የእርስዎ ቃል ግን አደጋው እንዴት እንደደረሰ ጭምር ስለሚናገር እኔ እሱን እመርጣለሁ።

«ጣሪያው ያፈሳል» ትክክለኛ አማርኛ ነው። ውሃው ይፈሳል፤ የሚያሳልፈው ጣሪያ፣ እንስራ ወይም ጀሪካን ደግሞ ያፈሳል። ይህን «ያፍሳል» ከሚለው ጋር እንዳያምታቱት። «ያፍሳል» የመጣው «አፈሰ» ከሚለው ግስ ነው፤ እህልን ወይም ዱቄትን በእጅ እየዘገኑ ማንሳት ማለት ነው። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለው ተረት ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ይቀራረባሉ፤ ግን አንዱ ይበትናል፣ ሌላው ይሰበስባል።

ጣሪያው የሚያወርደው በጠብታ ከሆነ «ጠብ ጠብ ይላል» ወይም «ያንጠባጥባል» ይበሉ። «ጠብ ሲል ስደፍን» ብለን የኑሮን ጉድለት የምንገልጸውም በዚሁ ቃል ነው። «ተንጠባጠበ» ከግዕዙ «ነጠበ» ጋር ዘመድ ነው። ጽሑፍ ላይ የምናሳርፈው ነጥብም ከዚያው ግስ የወጣ ነው፤ አራት ነጥብ ስናደርግ አራት የቀለም ጠብታ እንደማኖር ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። አሁን አሁን «ቡና አፍስሺልኝ» የሚል አነጋገር እሰማለሁ። ከጀበና ወደ ሲኒ ሲሆን ቡና ይቀዳል። ጠጅም ይቀዳል፣ ጠላም ይቀዳል። አፍስሺ ከተባለች ልጅቷ ወስዳ ብትደፋው ጥፋቱ የእሷ አይደለም። «ቅጂልኝ» ይበሏት።