የቆርቆሮው ምግብ ከአቅሜ በላይ ሆነ፣ ልጄን ምን ላብላት?

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስት ወር ሞላት። እስካሁን ጡት ብቻ ነበር የምትጠባው። የቆርቆሮውን ምግብ አንዴ ገዛሁ፣ ድጋሚ ግን አልቻልኩም። አማቴ አሥር ዓይነት እህል አስፈጭተው ምጥን አምጥተውልኛል። በጡጦ አጥሚት እያደረግኩ ልስጣት? ደግሞ ጾም ነውና ቤት ውስጥ እንቁላል መቀቀል ከብዶኛል።
(እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ማጥባት ቀላል አይደለም፣ ጎበዝ! አሁንም ጡቱን አታቋርጪ፣ ምግቡ በላዩ ላይ ነው የሚጨመረው።

የአማትሽን ምጥን ትንሽ ከፍ ስትል ትደርሺበታለሽ። አሥሩን እህል ባንዴ ከጀመርሽላት አንዱ ባይስማማት የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ለጊዜው ሦስት እጅ ጤፍ ወይም አጃ፣ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ምስር ይበቃል። ጥራጥሬውን ዘፍዝፈሽ፣ ገለባውን አውጥተሽ፣ ቆላ አድርገሽ አስፈጪው።

ጡጦውን ግን ተዪው። አጥሚት ቀጭን ነው፣ ያቺን ትንሽ ሆዷን በውሃ ይሞላና እውነተኛው ምግብ ቦታ ያጣል። ማንኪያውን ስታዘነብዪው ቶሎ የማይፈስ ለስላሳ ገንፎ ሥሪላት። ከጠጠረባት ውሃ አትጨምሪ። ከእሳት አውርጂውና በረድ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ነስንሰሽ አማስዪው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይላላል፣ እህሉ ግን ያው ነው። ከዚያ መልሰሽ አንድ ጊዜ አፍይው። በሁለትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጀምሪ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ስምንት ወር እስክትደርስ ቀስ እያልሽ ወደ ግማሽ ትልቅ ኩባያ ከፍ አድርጊው።

ስለ ጾሙ የጻፍሽው ብዙ እናቶችን የሚያስጨንቅ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ልጅ ጾም የሚጀምረው ከሰባት ዓመቱ ነው፣ ልጅሽ የጾም ግዴታ የለባትም። የሚያስጨንቅሽ ዕቃው እንዳይነካካ ከሆነ አንዲት ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ለእሷ ብቻ ለዪላት። እንቁላሉን በደንብ ቀቅለሽ አስኳሉንም ነጩንም አድቅቀሽ ገንፎው ውስጥ ጨምሪ። በዚህ ዕድሜ ስትወለድ ይዛው የመጣችው አይረን (ለደም የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) እያለቀ ነው፣ የጡት ወተት ብቻውን አይተካውም። ሥጋ ወይም ጉበት ስታገኚም ጥቂቷን በደንብ አብስለሽ ፍጭላት።

ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን እያፈራረቅሽ ቀቅለሽ አድቅቂ። አቮካዶማ ማብሰልም አይፈልግ፣ በሹካ ብቻ! አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጣል አድርጊበት። ጨውና ስኳር አትጨምሪ። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላት በፍጹም፣ በጣት ማላስም ቢሆን፣ ሕፃን ልጅ አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ጀርም ሊኖርበት ይችላል።

ከሳህኗ የተረፈውን ለማታ አታስቀምጪ፣ ምራቋ ነክቶታልና ቶሎ ይበላሻል። ትንሽ ትንሽ እየሠራሽ ትኩሱን ስጫት።