«ማካሮቭ ልግዛለት ወይ?» ለምትሉ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ጋሼ፣ ወንድሜ ማካሮቭ ሽጉጥ አግኝቻለሁ፣ ብር ላክልኝ ይላል። ዕቃው ይረባል ወይ?» አንዱ ከሲያትል ይጠይቀኛል፣ አንዷ ከዱባይ፣ ሌላው ከጆሃንስበርግ። የትውልድ ቀያቸው ግን ያው ነው፤ መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ፣ ይፋት፣ መርሐቤቴ። የሰሜን ሸዋ ሰው ነን። መሣሪያ ሲነሳ ጆሯችን ይቆማል።

እኔ ደብረ ሲና ተወልጄ አሜሪካ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ብዙ አዲስ መጪ ተቀብያለሁ። ሲወድቁም ሲነሱም አይቻለሁ። ስለዚህ ደስ እንዲላችሁ ብዬ አልጽፍም፤ የሚከፋው ይከፋው።

1. ዕቃው

ለዕቃው ፍርድ ልስጥ። ማካሮቭ መጥፎ ሽጉጥ አይደለም። ኒኮላይ ማካሮቭ የሚባል የሶቪየት መሐንዲስ ነው የነደፈው። በ1951 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ጦር መደበኛ ሽጉጥ እንዲሆን ተመረጠ። ስምንት ጎራሽ ነው። ባዶውን 730 ግራም ገደማ ይመዝናል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በርሜሉ አይንቀሳቀስም፣ ሞላው በበርሜሉ ዙሪያ ነው የሚገባው። ለመጥረግ ሲፈታ መፍቻ አይፈልግም። ምሥራቅ ጀርመን፣ ቡልጋሪያና ቻይናም ሠርተውታል። የማይረባ ዕቃ ቢሆን ያን ያህል አገር አይሠራውም ነበር።

እኛ ዘንድ በብዛት የመጣው ደርግ ከሶቪየት ጋር ከተወዳጀ በኋላ ነው፤ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ መሆኑ ነው። የመኮንን ወገብ ላይ የምናየው እሱን ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ ግርማ ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

ወንድምህ «አዲስ ነው» ብሎሃል አይደል? ከዚያ ዘመን የተረፈ ከሆነ ዕድሜው ከአንተ ይበልጣል። በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ አታውቅም። ስንት ክረምት በጨርቅ ተጠቅልሎ ጣሪያ ሥር እንደከረመም አታውቅም። የመንዝ ጉምና እርጥበት ደግሞ ብረት አይምርም። የካዝናው ሞላ ከደከመ ጥይቱን በወጉ አያቀርብም፤ ሽጉጡ ይነክሳል። ከውጭ የተወለወለውን በስልክ ፎቶ ያሳዩሃል። ሞላው በፎቶ አይታይም።

ጥይቱ ሌላ ጣጣ ነው። ማካሮቭ የሚጎርሰው 9 በ18 የሚባለውን ነው። በዓለም ላይ በብዛት ያለው፣ ግሎክም ብራውኒንግም የሚጎርሱት፣ 9 በ19 ነው። ሁለቱንም ሰው «ዘጠኝ ሚሊ» ይላቸዋል። አንዱ ለሌላው አይሆንም። የማካሮቩ እርሳስ እንዲያውም ትንሽ ወፈር ይላል፣ ቀለሁ ደግሞ አጠር ይላል። ደላላ ይህን አይነግርህም፤ ምናልባት ራሱም አያውቀውም።

አተኳኮሱም ልምምድ ይፈልጋል። መዶሻው ካልተነሳ የመጀመሪያው ምላጭ ከባድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል። ያልሠለጠነ ሰው እጁ ይንቀጠቀጥና የመጀመሪያውን ጥይት ሌላ ቦታ ይጥለዋል። በወረቀት ላይ 50 ሜትር ይባላል። በእውነተኛ ሰው እጅ፣ በድንጋጤ፣ በጨለማ፣ የዚያን ግማሽ ከደረሰ ጥሩ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «ማካሮቩ ከተወደደ የቱርኩን ልግዛ» የሚልም አለ። ከዚያ መንገድ ከሚመጡት ውስጥ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው፣ በኋላ እርሳስ እንዲተኩሱ የተቀየሩ አሉ። አካላቸው እውነተኛውን ጥይት እንዲችል አልተሠራም። እጅ ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ። ስለሱ ከዚህ በላይ አላወራም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ማካሮቭ ለሠለጠነ፣ በየጊዜው ለሚለማመድ፣ ጥይትና መለዋወጫ ለሚያገኝ መኮንን ይረባል። ሞላሌ ገብስ ለሚያርስ ወንድምህ አይረባም።

2. ወረቀቱ

አጭር ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም፣ መግዛትንም፣ መሸጥንም ይከለክላል። ከደላላ በጋቢ ተጠቅልሎ የመጣ ሽጉጥ ፈቃድ የለውም። አለቀ።

3. «ለራሴስ ብገዛ?»

አሜሪካ ላላችሁት ነው። ማታ ማታ ጋዝ ስቴሽን የምትሠሩ፣ ኡበር የምትነዱ «ግሎክ 19 ልግዛ?» ትላላችሁ። ጥሩ ሽጉጥ ነው፣ 15 ጥይት ይጎርሳል፣ አያስቸግርም። እንደ ማካሮቭ በጣት የሚገፋ ለብቻው መቆለፊያ ግን የለውም። አንዱ መቆለፊያው ምላጩ ላይ ነው፤ ጣት ምላጩን ከሳበው ይተኩሳል። ሕፃን ላለበት ቤት ይህን አስቡበት።

በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ ከሱቅ ለሽጉጥ 21 ዓመት ይጠየቃል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው በጥቅሉ አይችልም። ከሱቅ ስትገዛ የምትሞላው ቅጽ 4473 ላይ መዋሸት ወንጀል ነው። መግዛት ለማይችል የአገርህ ልጅ በአንተ ስም ፈርመህ ከገዛህለት ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ እስከ 15 ዓመት ያስፈርዳል። «ወንድሜ ነው፣ ምን ችግር አለው» የምትለው እዚህ አይሠራም። በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት ደግሞ ግሪን ካርዱን ተነጥቆ አገር ሊለቅ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የማንወደውን። እዚህ አገር በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። ብቻውን የሚኖር፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ከሚስቱ የተለያየ፣ ማታ ማታ የሚጠጣ ጓደኛ አላችሁ። ሁላችንም አለን። «ሽጉጥ ልግዛ» ሲል ስለ ሞዴሉ አታውሩት። ቤቱ ሂዱ፣ እህል አብራችሁ ብሉ፣ እንዴት እንዳለ ጠይቁት።

4. ብሩ

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ።

ብሩን የሚጠይቅህ ማነው? እናትህ አይደለችም። እናትህ ስትደውል «ልጄ ጤና ነህ? ብርዱ እንዴት ነው?» ነው የምትልህ። ዓይኗ ሞራ ለብሶ መንገዱን በዳበሳ እየሄደች «ምንም አልጎደለኝም» ትልሃለች። የሚጠይቀው ወንድምህ ነው፣ የአጎትህ ልጅ ነው፣ አማችህ ነው። እሱ ስለ ጎደለው ሲነግርህ አያፍርም።

አንቺም አለሽ። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከካራቆሬ ወጥተሽ ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠሪው። እጅሽ በበረኪና ተላልጦ፣ እንቅልፍሽን አጥተሽ፣ አሠሪሽ ደመወዝሽን ይዛብሽ ለምነሽ ያገኘሽው ብር ነው። እሱ ለሽጉጥ ላኪልኝ ይልሻል። አንቺም «ወንድሜ ነው፣ ይከበርልኝ» ብለሽ ትልኪያለሽ። ከዚያ ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎት አረቄ ቤት ይገባል። በአንቺ የሁለት ዓመት ጉልበት! ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሌላ ሰው በትሕትና ይምከርሽ፤ እኔ አልችልም። አትላኪ!

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ገባ። ድሮ የሚከብደው ነገር ለላኪው ቀለል ያለ መሰለው። ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ወንድሙ አሜሪካ ነው» ከተባለ ዋጋው ያን ዕለት ይጨምራል። ዋጋውን የሚነግርህ ወንድምህም እውነተኛውን ላይነግርህ ይችላል። ዕቃውንም አላየኸው፣ ሻጩንም አላየኸው፣ ደረሰኝም የለው። ቀምሰህ ያላየኸውን ቅቤ በዚህ ሁኔታ ትገዛለህ?

«አባቶቻችን መሣሪያ ይወዱ ነበር» ትለኛለህ። አዎ፣ ይወዱ ነበር። ምንሽር፣ አልቤን፣ ውጅግራ፣ ዲሞትፈር። ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ ጣሊያንን አምስት ዓመት እረፍት ሲነሱ አርበኛው የያዘው እንዲህ ያለውን ነው። ግን ጠመንጃ የሚውለው ትከሻ ላይ ነው። አገር ያየዋል። ማን ምን እንዳለው ይታወቃል። ሰውየው ከተቆጣ ጎረቤት ቀድሞ ይነቃል፣ ሽማግሌም «ና፣ እሱን አኑረህ ተቀመጥ» ይለዋል። ሽጉጥ ጋቢ ሥር ነው የሚውለው። ሠርግ ይገባል፣ ለቅሶ ይገባል። በወሰን ጠብ ሽማግሌ መሐል ተቀምጦ ሲያስታርቅ እሱም ጋቢ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። ድሮ በዱላ ተፈናክቶ በዕርቅ የሚያልቀው ጠብ አሁን አንድ ሰው መቃብር፣ አንድ ሰው ወህኒ ይከታል። ከዚያ ደም መላሽ አለ። ደም መላሹ ደግሞ ገዳዩን ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ወንድሙንም፣ የአጎቱንም ልጅ ይፈልጋል።

ታዲያ ያን ጊዜ ማን ይደወልለታል? አንተ! የደም ካሳው፣ የጠበቃው፣ የእስረኛው ስንቅ፣ አገር ጥለው የሚሰደዱት ልጆቹ፣ ሁሉም በአንተ ትከሻ ነው። ሽጉጡን የገዛህበት ብር የመጀመሪያው ክፍያ ነበር።

ሌላም አለ። ጊዜው እንደምታውቁት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ውጊያ አለ። ሽጉጥ ያለው ሰው ወሬው ይወጣል፤ ገጠር ምስጢር የለም። ታጣቂ መጥቶ «አምጣ» ይላል። ፍተሻ መጥቶ «አውጣ» ይላል። ለአንዱ ቢሰጥ በሌላው ይጠየቃል። የለኝም ቢል ማን ያምነዋል? መሣሪያ የሌለው ጎረቤቱ ያላየውን መከራ ያያል። ወገንህ የትኛውም ይሁን፣ እኔ ፖለቲካ እያወራሁ አይደለም። ስለ ወንድምህ ቤት በር ነው የማወራው።

«አጣዬ ስትቃጠል አላየህም? ሰው ራሱን አይጠብቅ?» የሚለኝ አለ። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፣ አልንቀውም። በሚያዝያ 2013 አጣዬ የሆነው ለማንም የሚረሳ አይደለም። ግን አስቡት። ክላሽ ይዞ በቡድን ለመጣ ሰው ስምንት ጥይት ያላት ሽጉጥ ምን ትሆናለች? ሸሽቶ ደብረ ብርሃን የደረሰውን ሰው ያዳነው የመኪና መሳፈሪያ ብር ነው። የሚያስጠጋው ዘመድ ነው። ቤተሰብህ እንዲተርፍ ከፈለግህ በእናትህ ስም ባንክ ውስጥ የማይነካ ብር አስቀምጥ። ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ተከራይላቸው። ቁልፉ እናትህ ዘንድ ይሁን።

የእህቴ ልጅ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ሐኪም እሆናለሁ ይል ነበር። ያ ቤት ለመሣሪያ ብር ሲያሰባስብ እሱ ሸዋ ሮቢት ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ያኔ የሚላከው ብር ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዛሬም በዚያ መንገድ ሳልፍ የባጃጅ ድምፅ ስሰማ ይቆጨኛል። ሽጉጡ የት እንዳለ አሁን የሚያውቅ የለም።

የዚያ ብር ሌላ ሥራ ጠፍቶ ነው? ጥማድ በሬ አለ። የመንዝ በግ አለ፤ ብርዱን ችሎ ይረባል። ይፋት ቆላው ላይ ማሾ አለ፣ ውሃ መሳቢያ ሞተር አለ። የእናትህ ዓይን አለ፤ የሞራ ቀዶ ሕክምና የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ በማግሥቱ ፊትህን በስልክ ታየዋለች። የልጆቹ የዓመት ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የቤት ኪራይ አለ። አንድም ቀን «ጋሼ፣ ለእናቴ ዓይን ስንት ይበቃል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ማካሮቭ ግን በየሳምንቱ።

5. እምቢ ስትል

አትዋሽ። «አሁን የለኝም፣ የሚቀጥለው ወር» አትበል። የሚቀጥለው ወር ይመጣል። ረጅም ስብከትም አትጀምር፣ አይሰማህም። «ለዚህ አልልክም፣ ለሌላው ተነጋግረን እልካለሁ» በለው። ከዚያ ለትምህርት ቤቱ ራስህ ክፈል፣ ለሐኪሙ ራስህ ክፈል፣ ደረሰኙን በቴሌግራም አስልክ። ለበሬ ከላክህ በሬውን ሲገዙ ታላቅ ሰው አብሮ ይሂድ፤ አንተ የምታምነው አጎት አይጠፋም።

ይቆጣል። «ተለወጥህ፣ ፈረንጅ ሆንህ» ይልሃል። ስልክም ሊዘጋብህ ይችላል። ይዝጋ። ለገና ይደውላል፤ ያን ጊዜ የበጉን ላክለት።